መመሪያው ሲጻፍ ታማሚው የት ነበር?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ልክ ነው። ተረቱ የማይመልሰው ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ በሽታውን ተናግሮ ሰሚ ያጣውስ?

አክስቴ የስኳር ሕመም አለባት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም አጋማሽ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ወደቀች። ጠዋት ኢንሱሊኗን እንደታዘዘችው ተወግታለች፤ እህል ውኃ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትቀምስ አላሰበችም። ደግነቱ ራሷን ጨርሳ ሳትስት አጠገቧ የነበረች አንዲት ነርስ ነገሩ ገብቷት ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻት፤ ተረፈች። ማታ ቦርሳዋን ስፈትሽ ከምትታከምበት ክሊኒክ የተሰጣትን የአመጋገብ መመሪያ አገኘሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ በመካከሉ ሁለት ጊዜ መክሰስ፣ ሁሉም በሰዓቱ። ብሮኮሊ። ሳልመን ዓሣ። ቅባቱ የወጣለት እርጎ። እንጀራ የሚል ቃል የለበትም፤ ሽሮም የለበትም። ጾም የሚለውማ ከነጭራሹ የለም።

«እንደምትጾሚ ለዶክተሩ አልነገርሽውም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ብነግረውስ ይቆጣኛል እንጂ ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ወረቀት ነው። በሐኪሙ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን እሱ አልጻፈውም። ከሌላ ወረቀት የተቀዳ ነው፤ ያም ከሌላ። ሐረጉን ወደ ላይ ብንከተለው መጨረሻ ላይ የምናገኘው የሆነ ከተማ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው «የስኳር ታማሚ እንዲህ ይብላ» ብለው የተስማሙ ሰዎችን ነው። ሐኪሞቹ «ጋይድላይን» የሚሉት የሕክምና መመሪያ የሚወለደው እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተን አናውቅም፤ በኑሯችን ላይ ያለው ሥልጣን ግን ከአዋጅ አይተናነስም። ደም ግፊታችን ስንት ሲደርስ ክኒን እንደሚጀመርልን፣ የትኛው ምርመራ እንደሚታዘዝልን፣ የትኛው መድኃኒት በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አይደለም። የሰው ሕይወት የተከፈለበት ጥያቄ ነው። እንዴት እንደተከፈለበት ላጫውታችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ኒውዮርክ ላይ ይጀምራል። ማይክል ካለን የሚባል ወጣት ዘፋኝ በ1982 ኤድስ እንዳለበት ተነገረው። ያኔ በሽታው ገና ስሙ እንኳ በቅጡ አልጸናም፤ መድኃኒት የለውም፤ በአሜሪካ በብዛት የሚሞቱትም ሌላው ኅብረተሰብ ፊቱን ያዞረባቸው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በሰኔ ወር ካለንና መሰሎቹ ዴንቨር ከተማ በተደረገ የጤና ጉባኤ ላይ መድረኩን ተቆጣጥረው አንድ መግለጫ አነበቡ። የዴንቨር መርሆዎች ተብሎ ይታወቃል። ጥቂት ገጽ እንኳ አይሞላም። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ተጠቂ» አትበሉን፤ ታማሚ የምንሆነውም አንዳንዴ ብቻ ነው፤ ኤድስ ያለብን ሰዎች ነን። ሁለተኛ፣ ስለ እኛ በሚወሰንበት በየትኛውም ደረጃ ላይ እንቀመጥ፤ ቃላችንም ከሌላው ባለሙያ እኩል ይመዘን። አንድ የታመመ ሰው አስታሙኝ፣ እዘኑልኝ ሳይሆን ድምፅ ስጡኝ ሲል የሰማ ሐኪም በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም።

ካለን ጆሴፍ ሶናቤንድ የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሠራ ሐኪም ነበረው። ሐኪሙና ታማሚው አንድ ነገር ያውቁ ነበር። በዚያ ዘመን ኤድስ ያለበትን ሰው ከሁሉም በላይ የሚገድለው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ የሚነሣ ኒሞሲስቲስ የተባለ የሳንባ ምች ነው። ይህን የሳንባ ምች አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። መድኃኒቱም አዲስ ግኝት አይደለም፤ በየፋርማሲው የሚሸጥ ርካሽ ክኒን ነው፤ ባክትሪም። በ1977 የደም ካንሰር በያዛቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ምቹን እንደሚከላከል ታይቷል፤ ውጤቱም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሶናቤንድ ይህን ስለሚያውቅ ለታማሚዎቹ ይሰጣቸው ነበር። ሌላው ሐኪም ግን መመሪያ ስላልነበረው አይሰጥም።

በግንቦት 1987 ካለን ከጓደኞቹ ጋር ወደ ብሔራዊ የጤና ተቋማቱ ሄዶ የኤድስ ምርምሩን የሚመሩትን ዶክተር አንቶኒ ፋውቺን አነጋገረ። የለመናቸው ገንዘብ አልነበረም፤ አዲስ መድኃኒትም አልነበረም። ለአገሪቱ ሐኪሞች «ይህን ክኒን ለመከላከያ ስጡ» የሚል አንድ ምክር እንዲያወጡ ብቻ ነበር። መልሳቸው በኤድስ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ቁጥጥር ያለው ጥናት ይምጣ የሚል ሆነ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። «ማስረጃ አምጡ» ማለት ክፋት አይደለም። በጥሩ ሐሳብና በሙቅ ስሜት የታዘዙ መድኃኒቶች ስንት ሰው እንደፈጁ የሕክምና ታሪክ ይመሰክራል። ነገር ግን ማስረጃው በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ፍርድ ራሱ ሚዛን ይፈልጋል፤ ሚዛኑም በያዘው ሰው ይለያያል። ዕድሜ ልክ የሚታወቅ ርካሽ ክኒን ሊያመጣ ከሚችለው ሽፍታ ጋር፣ መተንፈስ አቅቶት የሚሞት ጎረምሳ በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ፣ ለተመራማሪው ጥርጣሬው ይከብዳል፤ ለካለን ደግሞ ጊዜው። ጠረጴዛው ላይ አንደኛው ብቻ ነበር የተቀመጠው።

በ1988 መጀመሪያ ላይ 60 የኤድስ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ክኒኑን ከወሰዱት 30 ሰዎች አንድም በምቹ አልተያዘም፤ ካልወሰዱት 30 ከግማሽ በላይ ተያዙ። መመሪያው ግን አሁንም አልወጣም። የወጣው በሰኔ 1989 ነው። ከካለን ልመና ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በዚህ ምች የሞቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ካለን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ይህን አልረሳም፤ ያረፈው በታኅሣሥ 1993 ነው።

መመሪያው በወጣበት ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። በሳን ፍራንሲስኮና በኒውዮርክ የሰፈር ሐኪሞችና ታማሚዎቻቸው መንግሥትን ከመጠበቅ ብለው ራሳቸው ጥናት አደራጅተው ነበር፤ በአፍ የሚሳብ ፔንታሚዲን የተባለ መድኃኒት ምቹን ይከላከል እንደሆነ ለማየት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1989 መድኃኒቱን ያጸደቀው እነዚህ ሰዎች በሰበሰቡት ማስረጃ ነው። «ተራ ሰው ሳይንስ አይገባውም» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ፈረሰ።

ባክትሪም ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኤችአይቪ ክትትል ያላቸው ወገኖቻችን በየጤና ጣቢያው ሲቀበሉት የኖሩት ክኒን ነው፤ የካርዱ ላይ ስሙ ኮትሪሞክሳዞል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ለአፍሪካ ታማሚዎች ይሰጥ ብለው የመከሩት መቼ ይመስላችኋል? በ2000፣ አቢጃን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ከታተሙ በኋላ። ከአሜሪካው መመሪያ 11 ዓመት ዘግይቶ። አቢጃን ላይ የታየው ጥቅም የተገኘው ከሌሎች የባክቴሪያ በሽታዎችም በመከላከሉ ነውና «ያው አንድ ነገር ነበር» ማለት አይቻልም፤ ጥናቱ ያስፈልግ ነበር። ግን ጥያቄውን ቶሎ ጠይቁልን የሚል አፍሪካዊ ታማሚ በየትኛው ስብሰባ ላይ ነበር? በእኛም አገር መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት የተቋቋሙት በዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። አንድ ሰው በአደባባይ ቆሞ «ቫይረሱ በደሜ አለ» ለማለት ሥራውን፣ ቤቱን፣ አንዳንዴም ቤተሰቡን ማጣት ባለበት ዘመን እነዚያ ሰዎች ተናገሩ። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2005 ነው። ዛሬ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ከእነሱ ድፍረት ድርሻ አለው።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በ1987 አክት አፕ የተባለው የታማሚዎችና የወዳጆቻቸው ንቅናቄ ተመሠረተ። ስለ ጩኸታቸው ብዙ ተብሏል፤ በጥቅምት 1988 ከሺህ በላይ ሆነው የመድኃኒት አስተዳደሩን ሕንፃ መክበባቸውን የማያውቅ የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ጩኸታቸው ሳይሆን ጥናታቸው ነው። አይሪስ ሎንግ የምትባል፣ ኤድስ ያልነበረባት፣ በመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የሠራች ኬሚስት ስብሰባቸው ላይ መጥታ «የምትቃወሙትን ነገር አታውቁትም፤ ላስተምራችሁ» አለቻቸው፤ የሚገባውም ቃል ይህ ነበር። ጥናት እንዴት እንደሚነደፍ፣ የማስመሰያ ክኒን ምን እንደሆነ፣ የመከላከያ ሕዋስ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ አስጠናቻቸው። ሠዓሊው፣ አስተናጋጁ፣ ደራሲው ተቀምጦ ተማረ። ከዓመት በኋላ ከፕሮፌሰሮች ጋር በቁጥር ይከራከሩ ጀመር።

የተከራከሩበትም ነገር የቅንጦት አልነበረም። የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት ኤዜድቲ በ1987 ሲጸድቅ መመሪያው በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር እየተነሡ ውሰዱ ይል ነበር። ሰዎች በየኪሳቸው የሚጮኽ የክኒን ሣጥን ይዘው ይዞሩ ነበር፤ በሲኒማ ቤት መሀል ሳይቀር ይጮኻል። ደማቸው እያነሰ ደም ይለገሳቸዋል። «መጠኑ በዝቶብናል» ቢሉ የጎንዮሽ ጉዳት ይጠበቃል ተባሉ። በ1990 መጀመሪያ ላይ በጥናት ተረጋግጦ የሚመከረው መጠን በግማሽ ተቀነሰ። በዚያው ዓመት ግንቦት ንቅናቄው ብሔራዊ የጤና ተቋማቱን ግቢ አጥለቀለቀ፤ ከዚያም የኤድስ ጥናቶችን የሚያቅዱት ኮሚቴዎች በራቸውን ለታማሚ ወኪሎች ከፈቱ። ሲጮኹባቸው የነበሩት ፋውቺ ራሳቸው በሩን ከከፈቱት አንዱ መሆናቸውን መናገር ተገቢ ነው።

ታማሚ ሁልጊዜ ልክ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ካለን በባክትሪም ልክ ነበር፤ ኤዜድቲን ግን ጨርሶ መርዝ ነው ብሎ ሲያወግዝ ኖሯል፤ በዚህ አልተከተልኩትም። ንቅናቄው መድኃኒት ቶሎ ይጽደቅ ብሎ ሲታገል ቆይቶ፣ በ1993 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ኤዜድቲን ገና ሳይታመሙ መጀመር ዘላቂ ጥቅም እንደሌለው ሲያሳይ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ደነገጡ። በቀጣዩ ዓመት ከአክት አፕ የወጡት ሰዎች ያቋቋሙት ቡድን አንድን አዲስ መድኃኒት በችኮላ አታጽድቁ፣ በቂ ጥናት ይደረግበት ብሎ ለመንግሥት ጻፈ። ሌሎች ታማሚዎች «ከዳችሁን» ብለው ተቆጡ። ይህን የማነሣው ታማሚዎች ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ የሚያመጡት አንድ ድምፅ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እነሱም ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይታረማሉ፤ ልክ እንደ ሐኪሞቹ።

አሁን ከኤድስ ወደ ወገብ ሕመም ልወስዳችሁ ነው። ዝላዩ ይገርም ይሆናል፤ ግን የመጀመሪያው ታሪክ ታማሚው ከጠረጴዛው ሲጎድል የሚሆነውን ካሳየን፣ ይኸኛው ሁሉም በጠረጴዛው ሲቀመጡ ማን እንደሚቆጣ ያሳየናል።

የአሜሪካ መንግሥት በ1989 የሕክምና መመሪያ የሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የጤና አጠባበቅ ፖሊሲና ምርምር ኤጀንሲ ልንለው እንችላለን። አሠራሩ አዲስ ነበር። ስለ ቀዶ ሕክምና መመሪያ ለመጻፍ ቀዶ ሐኪሞችን ብቻ መሰብሰብ ቀርቶ፣ ጉዳዩ የሚነካቸውን ሙያዎች ሁሉ አንድ ላይ ማስቀመጥ፤ ከታካሚዎች ወገንም ወኪል መጨመር። ለአጣዳፊ የወገብ ሕመም 23 አባላት ያሉት ቡድን ተቋቋመ። ሰብሳቢው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበር፤ አብረውት ግን የነርቭ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አከርካሪ የሚያሹ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተቀመጡ።

በታኅሣሥ 1994 የወጣው መመሪያ እንዲህ አለ። አብዛኛው ሰው በአንድ ወር ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። አደገኛ ምልክት ከሌለ በመጀመሪያው ወር ራጅ አያስፈልግም። ከአራት ቀን በላይ አልጋ ላይ መዋል አይጠቅምም፣ ያዳክማል እንጂ። ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው ከመቶ አንድ ሰው ያህል ነው። ወገቡን ላመመው ሰው ይህ የምሥራች ነው። ወገብ ለሚቀድደው ግን አይደለም። የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ተነሣ፤ ጥናቱ ጎደሎ ነው አለ። የአከርካሪ ብሎን የሚሠራ ኩባንያ መመሪያው እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ኮንግረስ ዞረ። በ1995 የኤጀንሲው በጀት ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ ተሞከረ፤ ለጥቂት ተረፈ፤ በጀቱ ግን ክፉኛ ተቆረጠ። በ1996 ኤጀንሲው መመሪያ ማዘጋጀት አቆመ፤ እስከዚያ ያዘጋጃቸው 19 ብቻ ነበሩ። በ1999 ስሙም ተቀየረ፤ «ፖሊሲ» የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ ወጣ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዛሬ ስለ ወገብ ሕመም የሚወጡ መመሪያዎችን ብታገላብጡ ያን ጊዜ የተባለውን ነው የሚደግሙት። ተንቀሳቀስ፣ ራጅ አትቸኩል፣ ቢላዋ የመጨረሻ ይሁን። ያ ቡድን አልተሳሳተም ነበር። የተለያዩ ሙያዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ጥቅሙ እውቀት መደመሩ ብቻ አይደለም። መዶሻ የያዘ ሰው ሁሉን ነገር በመዶሻ ሊፈታው ቢፈልግ አይደንቅም፤ ከጎኑ መጋዝ የያዘ ሲቀመጥ ግን «ይኼ ሚስማር ነው ብለህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያ ጥያቄ የአንዳንዱን እንጀራ ይነካል። ኤጀንሲውም የተመታው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው፤ ጩኸትም ፍርድ ቤትም የለበትም።

ሩማቶይድ አርትራይተስ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያቆረጣጥም በሽታ ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የዘርፉ ባለሙያዎች ተስማምተው አዲስ መድኃኒት ሲሞከር መለካት ያለባቸውን ነገሮች ወሰኑ። ስንት መገጣጠሚያ አበጠ፣ ስንቱ ሲነካ ያማል፣ ሕመሙ ምን ያህል ነው፣ ደም ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት ስንት ነው፤ እንዲህ እያለ ሰባት ይደርሳል። ኦሜራክት በሚባለው ጉባኤያቸው ላይ ለዓመታት ሲመክሩ ቆይተው በ2002 አውስትራሊያ ላይ ሲሰበሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ታማሚዎችን እንደ ተሳታፊ ጋበዙ። ታማሚዎቹ ዝርዝሩን አይተው አንድ ነገር አሉ፤ «ድካሙስ?» ጠዋት ከአልጋ መነሣት የማይቻልበት፣ ተኝተው ቢያድሩ የማይለቅ፣ ከሕመሙ ይልቅ ሥራና ትዳር የሚያፈርስ ድካም። ይህ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ከዋነኞቹ ችግሮች አንዱ ነው፤ በሰባቱ ውስጥ ግን የለም። በዓለም ላይ ስለዚህ በሽታ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ለአሥር ዓመት የለኩት ነገር ላይ ታማሚው ቤቱ የሚኖርበት ነገር አልነበረም። ክፋት አልነበረባቸውም። አልደከማቸውም፤ በቃ። በአራት ዓመት ውስጥ ጥናቱ ተሠርቶ በ2006 ጉባኤው ድካም መለካት እንዳለበት ተስማማ። ያልተለካ ነገር ደግሞ መመሪያ ውስጥ አይገባም፤ መመሪያ ውስጥ ያልገባ አይታከምም።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ታሪክ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። እንግሊዝ በ1999 ያቋቋመችው ናይስ የሚባለው ተቋም በየመመሪያ ቡድኑ ውስጥ ሙያተኛ ያልሆኑ አባላትን ማስቀመጥ ልማዱ አደረገ። በ2007 ላንሴት የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የዓለም ጤና ድርጅትን ራሱን ተቸ፤ ምክሮቹ በአብዛኛው የሚመጡት ከአንድ ዘርፍ ሊቃውንት ነው፣ ምክሩን ተሸክመው የሚኖሩት ሰዎች ወኪል ግን የለበትም አለ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት መመሪያዎቹን የሚገመግም ኮሚቴ አቋቋመ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት ታማኝ መመሪያ ምን ማሟላት እንዳለበት ሲዘረዝር፣ አዘጋጆቹ ከብዙ ሙያ ይሁኑ፣ ታማሚ ወይም ታማሚ የነበረ ሰውም ይኑርበት ብሎ በግልጽ ጻፈ። ዴንቨር ላይ መድረክ በመንጠቅ የተጠየቀው ነገር ደንብ ለመሆን 28 ዓመት ፈጀ።

ደንብ ሲሆን ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። አንድ ታማሚ በሃያ ፕሮፌሰር መካከል አስቀምጦ፣ ቋንቋው ሳይገባው አስጨብጭቦ፣ ፎቶ አንሥቶ መሸኘት ይቻላል። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «የሴቶችና የወጣቶች ተወካይ» ተብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ያላየ ማን አለ? የታማሚ ማኅበር ነኝ የሚለው ድርጅት ኪራዩን የሚከፍልለት የመድኃኒት ኩባንያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አይሪስ ሎንግ ለዚህ ነው ትዝ የምትለኝ። መቀመጫ መስጠት ብቻውን ምንም አይደለም፤ የሚያነበውን ማስተማር፣ ከመጀመሪያው ጥያቄው ሲነደፍ መጥራት፣ የትራንስፖርትና የውሎ አበሉን እንደማንኛውም አባል መክፈል ይጠይቃል።

ወደ አክስቴ ጉዳይ የሚያደርሰኝ አንድ መመሪያ አለ። በ2001 በ13 አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሙስሊም የስኳር ታማሚዎችን ጠይቆ ነበር። ኢንሱሊን የግድ ከሚያስፈልጋቸው የመጀመሪያው ዓይነት ታማሚዎች 43 በመቶው፣ ከሁለተኛው ዓይነት ደግሞ 79 በመቶው በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። አትጹሙ የሚለው ምክር በተግባር የት እንደደረሰ ከዚህ ይታያል። በ2016 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከስኳርና ረመዳን ኅብረት ጋር ያወጣው መመሪያ ይህን እውነት ተቀበለ። ማን ቢጾም አደጋው ከፍተኛ እንደሆነ፣ ማን ተጠንቅቆ ሊጾም እንደሚችል፣ መድኃኒቱ ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሑር እንዴት እንደሚዞር ለየ። ከሆርሞን ሐኪሞቹ ጎን የግብፅ ሙፍቲም ሃይማኖታዊ ፍርዳቸውን ሰጡበት። ታማሚው «እሺ ዶክተር» ብሎ ወጥቶ በድብቅ ከሚጾም፣ ሐኪሙና ሸኹ አንድ ነገር ቢነግሩት ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው።

እስቲ በእኛ አገር ለስኳር ሕመም እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ቢዘረጋ ማን ማን ይቀመጥበት? የውስጥ ደዌ ሐኪሙ መኖሩ አያጠያይቅም። ፋርማሲስቱም ይኑር፤ የትኛው ኢንሱሊን በየትኛው ወር ከመደርደሪያ እንደሚጠፋ የሚያውቀው እሱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትኑር፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ገበሬ ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ እንደሚያቆይ ያየችው እሷ ናት። የአንድ ደብር ቄስ፣ አንድ ሸኽ። የጤፍን ነገር የሚያውቅ የሥነ ምግብ ባለሙያ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሁለት ሦስት ታማሚዎች፤ ቢቻል አንዷ የማታነብ፣ የምትጾም፣ ሐኪም ፊት የማትናገር። አክስቴ ዓይነት። ሌሎቹ የማያውቁትን የምታውቀው እሷ ነቻ።

ከዚያ ውድቀት በኋላ በቀጠሮዋ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የነገሩን ሁሉ ስነግረው አልተቆጣም። ዝም ብሎ አደመጠና «እናቴ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ጾም የሚፈቱት?» አላት። ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው በእስክሪብቶ ጻፈላት። የመርፌው ሰዓትና መጠን፣ እንጀራው ስንት እንደሚሆን፣ ሽሮና ምስር፣ ማዞር ከጀመራት ጾሙን እንድታቋርጥ። የንስሐ አባቷንም አነጋግራለች፤ እሳቸውም «ታሞ መጾም ግዴታ አይደለም፣ ልጄ» ብለዋታል። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ ነው፤ በጀርባው በኩል ታጥፎ።

ባለፈው ወር ደግሞ ጎረቤታችን እዚያው ክሊኒክ ክትትል ጀመሩ። የተሰጣቸውን ወረቀት አሳዩኝ። ብሮኮሊው፣ ሳልመኑ፣ ቅባት የሌለው እርጎው እንዳለ ነው። ጀርባው ባዶ ነው።